ወለዱን የወሰነው ባንኩ አይደለም

«ወለዱን ተወው፤ እሱን ባንኩ በክሬዲትህ ቆርጦ ይልከዋል። አንተ በወር ስንት እንደሚደርስብህ ብቻ ጠይቅ።»

ይህን ምክር የሰማሁት ባለፈው ሰሞን ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በአንድ የክርስትና ድግስ ላይ ነው። መካሪው አሜሪካን ጠንቅቄ አውቃለሁ የሚሉ ታላቅ ሰው ናቸው፤ ተመካሪው አዲስ መኪና ሊገዛ የተነሳ፣ ገና በቅርቡ የመጣ ወጣት። ልሟገት ብል «ልጁን አታስፈራራው» ተባልኩ። ሊፈራ ይገባዋል!

ባንኩ ቆርጦ ይልከዋል የሚባለው ሐሰት ነው። ዲለር ቤት ተቀምጣችሁ ብድር ስትጠይቁ ማመልከቻችሁን ለአበዳሪዎች የሚልከው የዲለሩ የፋይናንስ ክፍል ነው። አበዳሪው «ለዚህ ሰው በ6 በመቶ እሰጣለሁ» ብሎ መለሰ እንበል። ዲለሩ ውሉ ላይ 8 በመቶ ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ ከጭማሪው አብዛኛው የሚገባው ዲለሩ ኪስ ነው። በ1968 የወጣው የፌዴራል ሕግ የምትከፍሉት ዓመታዊ ወለድ ወረቀቱ ላይ በግልጽ እንዲሰፍር ያስገድዳል፤ አበዳሪው መጀመሪያ ስንት ብሎ እንደነበር እንዲነገራችሁ ግን አያስገድድም። ስለዚህ 8ን አይታችሁ «ክሬዲቴ ነው» ብላችሁ ትፈርማላችሁ። የሸጠላችሁ የአገራችሁ ልጅ ቢሆንም ለውጥ የለውም፤ ወለዱ የሚጻፈው ከጀርባ ባለው ቢሮ ነው።

አሁን «በወር ስንት» የሚለውን ምክር በዚህ ላይ ጨምሩበት። 30,000 ዶላር በ72 ወር ሲከፈል፣ በ6 በመቶ ወርሃዊው 497 ዶላር፣ በ8 በመቶ 526 ዶላር ገደማ ነው። ወርን ብቻ የሚያይ ሰው 29 ዶላር ምን አላት ይላል። በስድስት ዓመት ከ2,000 ዶላር በላይ ናት። የባሰው ደግሞ አለ። ያንኑ ብድር በ8.5 በመቶ ወደ 84 ወር ዘርጉት፤ ወርሃዊው 475 ዶላር ይሆናል። ከሁሉም ያነሰ! የኛ መካሪ «ረከሰልህ» ብለው እጁን ይጨብጡታል፤ ልጁ ግን ወደ 9,900 ዶላር ወለድ ይከፍላል። በ6 በመቶና በ72 ወር ቢሆን ኖሮ 5,800 ገደማ ነበር።

ይህ የአንድ ብልጣብልጥ ሻጭ ጉዳይ አይደለም። በ2013 የፌዴራሉ የሸማቾች የገንዘብ ጥበቃ ቢሮና የፍትሕ ሚኒስቴር፣ አላይ የተባለው አበዳሪ ዲለሮች ወለድ እንዲጨምሩ በፈቀደበት አሠራር ጥቁር፣ ላቲኖና የእስያ ተወላጅ ተበዳሪዎች ከነጮች የበለጠ ጭማሪ ከፍለዋል፣ ልዩነቱም ከክሬዲታቸው ጋር አይገናኝም ብለው ከሰሱት። ኩባንያው 80 ሚሊዮን ዶላር ለተጎጂዎች፣ 18 ሚሊዮን ደግሞ ቅጣት ለመክፈል ተስማማ። ቢሮው ስለዚሁ አድልዎ በዚያው ዓመት ያወጣውን መመሪያ ግን ኮንግረስ በ2018 ሻረው። «ክሬዲትህ ነው» እያልን የኛን ልጆች የምናሳምነው እንግዲህ በዚህ አገር ነው። እኛም ጥቁር ነን።

ዲለሩም ሥራ ሠርቷል፣ ይብላ የሚሉኝ አሉ። ይብላ፤ ግን ዋጋውን ነግሮን፣ ተከራክረንበት ይሁን።

ደግሞ መላው ከባድ አይደለም። ዲለር ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ባንካችሁና አንድ ሁለት ክሬዲት ዩኒየን ጋ ጠይቁና የተፈቀደላችሁን ወለድ በጽሑፍ ያዙ። «ብዙ ቦታ ከጠየቅኩ ክሬዲቴ ይወርዳል» የሚለው ስጋት ሊያግዳችሁ አይገባም፤ በ14 ቀን ውስጥ ለመኪና ብድር የሚደረጉ ጥያቄዎች በነጥብ አሰጣጡ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ከዚያ ለዲለሩ የያዛችሁትን ወለድ ነግራችሁ «ከዚህ ዝቅ ማድረግ ትችላላችሁ?» በሉ። መጀመሪያ የመኪናውን ዋጋ፣ ቀጥሎ ወለዱንና የወራቱን ብዛት ጨርሱ። ወርሃዊው ከነዚህ ተሰልቶ የሚወጣ ነው፤ «በወር ስንት መክፈል ትችላለህ?» ሲሏችሁ ቁጥር አትስጡ።

ለመጤ ምክር የምትሰጡ ታላላቆቻችን፣ እባካችሁ ይህንን ንገሩት። ከፈረመ በኋላ ሐሳቡን ቀይሮ ከዲለር የገዛውን መኪና ይመልስ ዘንድ የሚፈቅድለት የፌዴራል ሕግ የለም።