ያደረ ሩዝ ወይስ የደረቀ ሩዝ?

«ሙያ በልብ ነው» ይላል ያገራችን ሰው። የቻይና ምግብ ቤት የተጠበሰ ሩዝ ጉዳይ ሲነሳ ግን ብዙዎቻችን ሙያው ያለው በልብ ሳይሆን በብልቃጥ ውስጥ ነው ብለን እናምናለን። «አንድ የሚጨምሩበት ዱቄት አላቸው እኮ!» የሚለውን አባባል በካፌም፣ በዶርምም፣ በላብራቶሪ በር ላይም ሰምቼዋለሁ። ሌላው ደግሞ «ኧረ ምስጢሩ ሌላ አይደለም፤ ሩዙ ማደር ብቻ ነው ያለበት» ይላል። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሱኝ እነዚህ ሁለት አባባሎች ናቸው። የመጀመሪያው የሰውን ሙያ ያሳንሳል፤ ሁለተኛው ደግሞ በአግባቡ ካልተረዱት ሰው ያሳምማል። በእኔ እምነት የቻይና ምግብ ቤት ዓይነት ሩዝ ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል። የሚያስፈልገውም ዱቄት ሳይሆን፣ እኛ የምግብ ሳይንስ ተማሪዎች ለፈተና የምናጠናውን ነገር ይዞ ወጥ ቤት መግባት ነው።

በመጀመሪያ ምግቡ ምን እንደሆነ እንነጋገር። በቻይንኛ ስሙ «ቻኦ ፋን» ነው። «ቻኦ» ማለት በኃይለኛ እሳት እያገላበጡ መጥበስ ሲሆን «ፋን» ደግሞ የበሰለ ሩዝ ማለት ነው። ስሙ ራሱ አሠራሩን ይናገራል፤ ሩዙ መጥበሻ ላይ የሚወጣው በስሎ ካለቀ በኋላ ነው። በጣም የታወቀው በጂያንግሱ ክፍለ ሀገር የምትገኘው የያንግዡ ከተማ ሩዝ ሲሆን፣ ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2015 ለአሠራሩ ይፋ የሆነ ደረጃ እስከ ማውጣት ደርሳለች። ምግቡ ግን በመሠረቱ የድግስ ምግብ አይደለም። የተረፈ ሩዝ እንዳይባክን እቤት ካለው እንቁላል፣ ከሥጋ ቁራጭና ከሽንኩርት ቅጠል ጋር እየተዋሐደ የሚሠራ የቤት ምግብ ነው። እንግዲህ ከኛ ፍርፍር ጋር የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው ብንል ማጋነን አይሆንም። ወደዚህ ዝምድና በኋላ እመለስበታለሁ፤ ምክንያቱም የሚያሳስተንም እሱ ነው።

ታዲያ እቤት ስንሠራው ለምንድን ነው ወደ ገንፎ የሚያደላው? መልሱ በአንድ ቃል ውሃ ነው። ያ የምግብ ቤቱ ሩዝ መዓዛ በአብዛኛው የሚመጣው ማያርድ ሪአክሽን ከምንለው የፕሮቲንና የስኳር ውህደት ነው። ይህ ሪአክሽን በደንብ የሚፈጥነው ሙቀቱ ከ140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲያልፍ ነው። መጥበሻው ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ ግን የምግቡ ሙቀት ውሃው ከሚፈላበት ነጥብ ብዙም አያልፍም። ይህ ነጥብ በባሕር ጠለል ላይ 100 ዲግሪ ነው። እዚህ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ስለምንኖር ደግሞ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። ስለዚህ እርጥብ ሩዝ መጥበሻ ላይ ስንከምር፣ እኛ እየጠበስን ይመስለናል እንጂ ሩዙ ለሁለተኛ ጊዜ እየተቀቀለ ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። 1 ግራም ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 100 ዲግሪ ለማድረስ 335 ጁል ገደማ ይበቃል። ያንኑ 1 ግራም ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ግን 2,260 ጁል ገደማ ያስፈልጋል፤ ወደ 7 እጥፍ መሆኑ ነው። የቤት ኤሌክትሪክ ምድጃ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ኪሎዋት ጉልበት አለው። የቻይና ምግብ ቤት የጋዝ ምድጃ ግን 30 ኪሎዋት ሊደርስ ይችላል። አንዲት ጠብታ ሙቀት እንኳ ሳትባክን ብናሰላው፣ 100 ግራም ውሃ ለማትነን 1.5 ኪሎዋት ያለው ምድጃ 2 ደቂቃ ተኩል ሲፈጅበት፣ የምግብ ቤቱ ምድጃ በ8 ሰከንድ ውስጥ ይጨርሰዋል። በተግባር በሁለቱም በኩል ብዙ ሙቀት ይባክናል፤ የልዩነቱ ስፋት ግን ግልጽ ነው። ከዚህ ተነስቶ «በቃ ያለ እሳታቸው አይሆንም» የሚል ይኖራል። እኔ በዚህ አልስማማም። እሳቱን መጨመር ካልቻልን ውሃውን መቀነስ እንችላለን። የቤት ውስጥ አሠራር ጥበብ በሙሉ እዚች ላይ ነው ያለው።

«ሩዙ ማደር አለበት» የሚለው ምክር እውነት የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ሩዝ ሲቀቀል ስታርቹ ውሃ ይጠጣና ያብጣል፤ ፍሬው ይለሰልሳል፣ ላዩም ይጣበቃል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ሪትሮግሬዴሽን ብለን የተማርነው ነገር ይከሰታል። አሚሎሱ በሰዓታት ውስጥ፣ አሚሎፔክቲኑ ደግሞ ቀስ ብሎ በቀናት ውስጥ፣ መልሰው እየተደራጁ ፍሬውን ያጠነክሩታል። በዚያ ላይ ፍሪጅ ውስጥ ሳይከደን የተቀመጠ ሩዝ ላዩ ይደርቃል። ልብ በሉ እንግዲህ፤ ሥራውን የሚሠሩት ቅዝቃዜውና ድርቀቱ ናቸው እንጂ ሌሊቱ አይደለም። ድስት ውስጥ ተከድኖ ያደረ ሩዝ ያደረ ይሁን እንጂ እርጥብ ነው። በአንጻሩ አሁን የበሰለ ሩዝ ሰፊ ትሪ ላይ ስስ ተደርጎ ተሰጥቶ ነፋስ ቢያገኝ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ለመጥበስ የሚሆን ደረቅ ሩዝ ይወጣዋል። ስለዚህ ምክሩ «ያደረ ሩዝ» ከሚባል «የደረቀ ሩዝ» ቢባል ይሻላል ባይ ነኝ።

ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ ጤና ያለበት ጉዳይ ነው። ባሲለስ ሴሪየስ የሚባለው ባክቴሪያ ጥሬ ሩዝ ላይ በብዛት ይገኛል። ስፖሩ የመፍላት ሙቀትን ተቋቁሞ ያልፋል። የበሰለው ሩዝ ድስት ውስጥ እንደተከመረ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሲያድር፣ መሐሉ ለሰዓታት ለብ እንዳለ ይቆያል፤ ስፖሩም ነቅቶ ይራባል። ከዚያም ሴሪዩላይድ የተባለውን መርዝ ሊያመርት ይችላል። ይህ መርዝ ሙቀት አይበግረውም። ጠዋት ላይ በጋለ መጥበሻ ብንጠብሰው ባክቴሪያው ይሞት ይሆናል፣ መርዙ ግን እንዳለ ይቀመጣል። የበላው ሰው ከግማሽ ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ያስመልሰዋል። ይህ ዓይነቱ መመረዝ በደንብ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዝ አገር ሲሆን፣ ያኔ መነሻ የሆነው ይኸው የተጠበሰ ሩዝ ነበር። ምክንያቱም ፍሬው እንዳይያያዝ ተብሎ የበሰለ ሩዝ ከፍሪጅ ውጪ ይቆይ ነበር። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሩዙን ትሪ ላይ ዘርግቶ በ1 ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዝ፣ ወደ ፍሪጅ ማስገባት፣ በማግስቱ መጨረስ። ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ከሞቀ ደግሞ ሩዙን መጣል ነው። ያሳዝናል፤ ግን ከመታመም ይሻላል።

«እኛ እኮ ያደረ ስንበላ ነው ያደግነው» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ያደረ እንጀራ ፍርፍር እየበላን ነው ያደግነው። ያሳስተናል ያልኩት ዝምድና ይኸው ነው። እንጀራ የቦካ ነው። አሲዳማነቱ በፒኤች 4 ገደማ ስለሆነ ባሲለስ ሴሪየስ እዚያ ውስጥ ሊራባ አይመቸውም። እንጀራ ቢበላሽ እንኳ ሻጋታው በዓይን ይታያል። የተቀቀለ ሩዝ ግን አልቦካም፤ አሲድነት የለውም ማለት ይቻላል፤ መርዝ ቢኖረው አይሸትም፣ አይታይም። ስለዚህ በእንጀራ የለመድነውን እጅ እንዳለ ወደ ሩዝ መውሰድ አያዋጣም። እናቶቻችን ስለ እንጀራ ያስተማሩን ትክክል ነው፤ ሩዝ ግን ሌላ ትምህርት ይፈልጋል።

አሁን ወደ ዱቄቱ ልምጣ። ዱቄቱ የሚባለው ሞኖሶዲየም ግሉታሜት ነው። ጃፓናዊው ኬሚስት ኪኩናኤ ኢኬዳ እ.ኤ.አ. በ1908 ከባሕር አረም ሾርባ ውስጥ ግሉታሜትን ለይቶ አወጣና ጣዕሙን «ኡማሚ» ብሎ ሰየመው። ያው ግሉታሜት ቲማቲም ውስጥም፣ የቆየ አይብ ውስጥም በተፈጥሮ አለ። እ.ኤ.አ. በ1968 አንድ ሐኪም ለኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን በጻፉት ደብዳቤ የቻይና ምግብ ቤት ከበሉ በኋላ የሚሰማቸውን ስሜት ገለጹ። ምክንያቱ ወይኑ ይሆን፣ ጨው ይሆን፣ ይህ ዱቄት ይሆን ብለው ነበር የጠየቁት። ጥያቄው ተረስቶ ስሙ ብቻ ቀረና «የቻይና ሬስቶራንት ሲንድሮም» ተባለ። ከዚያ በኋላ ለአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1995 የቀረበ ሪፖርት፣ 3 ግራምና ከዚያ በላይ ያለ ምግብ የወሰዱ አንዳንድ ሰዎች ላይ ቀላልና አላፊ ስሜት ሊታይ እንደሚችል ገልጿል። አንድ ሳህን ሩዝ ውስጥ የሚገባው ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው፤ ያውም ከምግብ ጋር። በኔ ግምት ዱቄቱ ከሩዙ ጣዕም ትንሽ ድርሻ አለው፤ ጨምሩበትም ተዉትም መብታችሁ ነው። ግን እርጥብ ሩዝ ላይ ቢጨመር የሚገኘው ጣዕም ያለው ገንፎ ነው።

ለዚህ ነው አባባሉ የሰው ሙያ ያሳንሳል ያልኩት። እ.ኤ.አ. በ2020 ሁለት ተመራማሪዎች ባለሙያ ወጥ ሠሪዎችን በቪዲዮ ቀርጸው ዎኩን እንዴት እንደሚያወዛውዙ አጥንተው ነበር። ሰዎቹ በ1 ሰከንድ ውስጥ ወደ 3 ጊዜ የሚጠጋ ሩዙን ወደ አየር ይወረውራሉ። ሩዙ እሳቱ ላይ ሳያርፍ፣ ሳይከሰልም ይጠበሳል። ለጥናቱ አንዱ መነሻ ደግሞ የወጥ ሠሪዎቹ የትከሻ ሕመም ነበር። ትከሻ እስኪያሳምም ድረስ የሚሠራን ሥራ «ዱቄት ነው» ብሎ ማለፍ ነውር ይመስለኛል። ካንቶኖች «ዎክ ሄይ» የሚሉት፣ የዎክ እስትንፋስ እንደማለት፣ ያ ጭስ ጭስ የሚል መዓዛ ከዚህ እሳትና ከዚህ ውርወራ የሚወለድ ነው። እሱን በኤሌክትሪክ ምድጃ ሙሉ በሙሉ እናገኘዋለን ብዬ አልዋሽም። የቀረውን ግን እናገኘዋለን።

እንዴት? ለሁለት ሰው 200 ግራም ያህል ሩዝ በደንብ አጥቦ፣ ውሃውን ትንሽ ቀነስ አድርጎ መቀቀል፤ ከዚያ ትሪ ላይ ማድረቅ። ካሮት፣ አተር፣ የሽንኩርት ቅጠል፣ ነጭ ሽንኩርት ሁሉም ተከትፎ እሳት ከመለኮሱ በፊት ይቅረብ። ከባድ የብረት መጥበሻ በደንብ ይጋል (የማያጣብቅ ቅብ ያለው መጥበሻ ከሆነ ግን ባዶውን አይጋል፣ ቅቡ ይበላሻል)። ዘይት ጠብ አድርጎ 2 እንቁላል በፍጥነት መጥበስና ማውጣት። ቀጥሎ አትክልቱን ለብቻ ጠብሶ ማውጣት፤ አትክልትም ውሃ አለውና። ከዚያ ሩዙን በሁለት ዙር እንጂ በአንዴ አለመክመር። ዘርግቶ ግማሽ ደቂቃ ያህል ሳይነኩ መተው፣ ማገላበጥ፣ እንደገና መተው። ቶሎ ቶሎ ማማሰል እዚህ አይጠቅምም፤ ምድጃችን ደካማ ስለሆነ ሩዙ ከብረቱ ጋር መቆየት አለበት። መጨረሻ ላይ ሁሉንም አንድ ላይ መልሶ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ በሩዙ ላይ ሳይሆን በጋለው የመጥበሻ ጠርዝ ላይ ማፍሰስ፤ «ጭስ!» ሲል ነው መዓዛው የሚወጣው። የሽንኩርት ቅጠሉን ነስንሶ ማውረድ።

በመጨረሻ ለዲፓርትመንታችን አንድ ሐሳብ አለኝ። ሪትሮግሬዴሽንን በሰሌዳ ላይ እንማራለን፣ በፈተና ላይ እንጽፋለን፣ ከዚያ ማታ ሩዙን ድስት ውስጥ እንደተከደነ ትተነው እንተኛለን። ዕውቀቱ ደብተር ላይ፣ ሩዙ ጠረጴዛ ላይ ያድራሉ። መምህራኖቻችን ፈቃዳቸው ቢሆን አንድ የላብራቶሪ ክፍለ ጊዜ ለዚህ ቢሰጥ መልካም ነው። የሚያስፈልገው አንድ ኪሎ ሩዝ፣ አንድ ድስት፣ አንድ ትሪና ሁለት ቴርሞሜትር ብቻ ነው። ግማሹ ድስት ውስጥ ይቀመጥ፣ ግማሹ ትሪ ላይ ይዘርጋ፣ በየ10 ደቂቃው ሙቀቱ ይለካና ግራፉ ይሠራ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሁሉ ያንን ግራፍ አንዴ በእጁ ቢሠራው፣ ሩዝ ድስት ውስጥ አስተኝቶ የሚያድር ሰው ይቀንሳል ብዬ አምናለሁ። ትሪ ላይ የተዘረጋውን ደግሞ እዚያው ጠብሰን እንብላው፤ ላብራቶሪ ውስጥ መብላት ክልክል ነው ከተባለም መጥበሻውን ይዘን ወደ ካፌ እንውረድ።

ቸር ይግጠመን።