ስለ ጦር መሣሪያ አምሳያና ስለ ኮሌጆች ማስጠንቀቂያ

በአሜሪካን አገር ኮሌጆች ውስጥ መሣሪያ የያዘ ሰው ታየ ተብሎ ማስጠንቀቂያ ከተነገረ በኋላ፥ ነገሩ ሲጣራ የታየው የልጆች መጫወቻ፥ የቴአትር ዕቃ ወይም ከመሣሪያ ጋራ ምንም ዝምድና የሌለው የሥራ ዕቃ ሆኖ መገኘቱ ተደጋግሞ ይሰማል። ጉዳዩ የባሕር ማዶ ስለሆነ የነጋዴዎችን ጋዜጣ ምን አገባው የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን ከመካከላችን የራሱን፥ የወንድሙን ወይም የእኅቱን ልጅ በዚያ አገር ኮሌጅ የሚያስተምር ጥቂት አይደለም፤ በዚያ ሲመሽ በዚህ ሌሊቱ ተጋምሶ ነውና እንዲህ ያለው ወሬ በስልክ የሚደርሰን ከእንቅልፋችን ተቀስቅሰን ነው። ደግሞም አምሳያው ራሱ ተሠርቶ፥ ተጭኖ፥ ቀረጥ ተከፍሎበት፥ በሱቅ ተሰቅሎ የሚሸጥ ሸቀጥ ነው፤ ስለዚህ ነጋዴ የሚያውቀው ነገር አለ።

ኮሌጆቹ በማስጠንቀቂያ የሚቸኩሉት ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 16 ቀን 2007 ዓ.ም. በቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ከጧቱ 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ ሁለት ተማሪዎች በመኖሪያ ሕንፃ ውስጥ ተተኩሶባቸው ተገደሉ። ዩኒቨርሲቲው ለተማሪዎቹ በኢሜይል ያስታወቀው ግን 3 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ላይ ሲሆን፥ ጥቂት ደቂቃዎች ቆይቶ ያው ገዳይ ወደ መማሪያ ሕንፃ ገብቶ የሟቾቹን ቁጥር 32 አደረሰው። ከዚህ በኋላ በ2008 የተሻሻለው የአሜሪካ ሕግ፥ ኮሌጆች አስጊ ነገር መኖሩን እንዳረጋገጡ ሳይዘገዩ ለተማሪዎችና ለሠራተኞች እንዲያስታውቁ ያስገድዳል። ስለዚህ ለአንድ መጫወቻ ይህን ያህል ሽብር ምንድን ነው እያሉ በኮሌጆቹ ላይ የሚያፌዙትን ሰዎች አሳብ አልቀበልም። ከሩቅ የታየ ነገር እውነተኛ መሆን አለመሆኑ እስኪታወቅ ድረስ እንደ እውነተኛ መቈጠሩ ተገቢ ነው። በ2013 ኖቬምበር ወር በማዕከላዊ ኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ ጭምብል ያጠለቀና መሣሪያ የሚመስል ነገር የታጠቀ ሰው ታየ በተባለ ጊዜ፥ ግቢው ተዘግቶ ፖሊስ ሕንፃዎቹን ለሰዓታት ፈተሸ፤ ሰውየውም ከሃሎዊን በዓል የሚመለስ ተማሪ ሆኖ ተገኘ። የዚያን ቀን በር ዘግተው የተቀመጡት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም።

እኔ የምከራከረው ስለ ፍጥነቱ ሳይሆን ስለ ቃሉ ነው። ኮሌጅ የሚፈተነው በሦስት ነገር ይመስለኛል፤ ጥሪውን የተቀበለው ሰው ምን ብሎ ጠየቀ፥ በማስጠንቀቂያው ላይ ምን ተጻፈ፥ ነገሩ ሐሰት ሆኖ በተገኘ ጊዜስ ምን ተባለ።

ለዚህ ከሁሉ የተሻለው ማስረጃ በኒውዮርክ ክፍለ አገር በሃሚልተን ከተማ በሚገኘው በኮልጌት ዩኒቨርሲቲ የደረሰው ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት አንድ መሣሪያ የያዘ ሰው በተማሪዎች መሰብሰቢያ ሕንፃ ታየ የሚል ጥሪ ደረሰ። ግቢው ለበርካታ ሰዓታት ተዘጋ፤ ተማሪዎችም መብራት አጥፍተው በየክፍላቸው ተደበቁ። በመጨረሻ የተገኘው አንድ ጥቁር ተማሪ ነበር፤ በእጁ የያዘውም ለሥነ ጥበብ ትምህርቱ የሚገለገልበት፥ ሙጫን በኤሌክትሪክ አሙቆ የሚያወጣ፥ እንደ ሽጉጥ እጀታና ቃታ ያለው የእጅ ሥራ ዕቃ ነው። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ብዙ ሳይቆዩ ለመላው ማኅበር በጻፉት ደብዳቤ፥ ሰው ሳያውቀው በልቡ የሚያድር የዘር ጥርጣሬ በነገሩ ውስጥ ድርሻ እንደነበረው ገልጸው፥ የግቢውን ጸጥታ ክፍል ኀላፊ ለጊዜው ከሥራ አግልለው ጉዳዩ እንዲመረመር አደረጉ።

እዚህ ላይ ማሰብ የሚገባው ነገር አለ። ያ ዕቃ የመሣሪያ አምሳያ እንኳ አልነበረም፤ በማናቸውም የጽሕፈት መሣሪያ መደብር የሚሸጥ ነው። አምሳያን ሁሉ ከግቢ ማገድ ይበቃል የሚሉ ሰዎች፥ እገዳቸው ይህን ተማሪ እንዴት ሊያድነው ይችል እንደነበር ቢነግሩን መልካም ነበር። ጥሪውን የተቀበለው ሰው ግን፥ ሰውየው በእጁ የያዘው ቀለሙ ምን ዓይነት ነው፥ ገመድ አለው ወይ፥ ወደ ሰው አነጣጠረ ወይስ ይዞ ብቻ ያልፋል ብሎ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሊጠይቅ ይችላል። እንዲህ ያለው ጥያቄ ማስጠንቀቂያውን አያዘገይም፤ ለፖሊሱ የሚደርሰውን ቃል ግን ይለውጠዋል።

ቃል በመንገድ ላይ ሲጐድል ምን እንደሚያደርስ ከኮሌጅ ውጭ በሆነ በአንድ ሌላ ነገር ታይቷል። በ2014 ኖቬምበር ወር በክሊቭላንድ ከተማ መናፈሻ ውስጥ የ12 ዓመት ልጅ የፕላስቲክ እንክብል በሚተኩስ የሽጉጥ አምሳያ ሲጫወት፥ የደወለው ሰው ሽጉጡ ምናልባት የውሸት እንደሆነና የያዘውም ምናልባት ልጅ እንደሆነ ተናግሮ ነበር። ይህ ቃል ግን ወደ ፖሊሶቹ አልተላለፈም፤ ፖሊሱ መኪናው እንደደረሰ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ተኰሰ፤ ልጁም በማግሥቱ ሞተ። እኛ የነጋዴ ጸሓፊዎች ዕቃ ስናዝዝና ስንልክ፥ በዝርዝሩ ላይ አንዲት ቃል የጐደለች እንደሆነ ኮንቴይነሩ በጉምሩክ ቆሞ የመጋዘን ኪራይ እንደሚቈጥር እናውቃለን። በዚያ መናፈሻ የጐደለችው ቃል ያስከፈለችው ግን የልጅ ነፍስ ነው። የኮሌጅ ጸጥታ ክፍሎች ይህን ታሪክ ለስልክ ተቀባዮቻቸው ሁሉ ቢያስተምሩ ይገባል እላለሁ።

ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ሲጻፍ የታየው ነገር፥ የታየበት ስፍራና ሰዓት፥ ያልተረጋገጠም እንደሆነ አለመረጋገጡ፥ ሰዎችም ማድረግ የሚገባቸው ነገር ሊገለጽ ይገባል። «ጥቁር ወንድ» ብሎ ማቆም መግለጫ አይደለም፤ በግቢው ያሉትን ጥቁር ተማሪዎች ሁሉ፥ የእኛንም ልጆች ጭምር፥ በአንድ ጊዜ ተፈላጊ ማድረግ ነው። ነገሩ ከተጣራ በኋላም፥ «ሁኔታው ተረጋግቷል» በሚል ደረቅ ቃል ማለፍ አይበቃም። ማስጠንቀቂያው በሄደበት በዚያው መንገድ፥ የታየው ዕቃ ምን እንደነበረና ተማሪው ጥፋት እንደሌለበት በግልጥ መነገር አለበት፤ ያለዚያ ያ ተማሪ እስኪመረቅ ድረስ በጣት ሲጠቈም ይኖራል። የኮልጌት ፕሬዚዳንት ስሕተቱን በራሳቸው ፊርማ መናገራቸው፥ አንዳንዶች በመቸኰል ቢወቅሷቸውም፥ በበኩሌ የሚያስመሰግናቸው ይመስለኛል።

ስለ ዕቃው ራሱ ሕግ አውጪዎች ያደረጉትን አስመጪዎቻችን ቢያውቁት ይጠቅማል። አሜሪካ በ1988 ባወጣችው ሕግ የመጫወቻ መሣሪያ በአፈ ሙዙ ላይ ደማቅ ብርቱካንማ ምልክት እንዲኖረው አስገድዳለች፤ ሆኖም ምልክቱ ሊነቀል ወይም በጥቁር ቀለም ሊሸፈን ይችላል፤ የክሊቭላንዱም አምሳያ ይህ ምልክት አልነበረውም። ብሪታንያ ከዚህ ጠበቅ አድርጋ፥ በ2006 ባወጣችው ሕግ እውነተኛውን በትክክል የሚመስል አምሳያ እንዳይሠራ፥ ወደ አገር እንዳይገባና እንዳይሸጥ ከልክላ፥ ሙዚየምን፥ ቴአትርንና ሲኒማን ለመሳሰሉ ጉዳዮች ግን ፈቅዳለች፤ ቀይ፥ ቢጫ፥ አረንጓዴና እንደዚህ ያሉ ደማቅ ቀለማት ያሏቸውን ግን አልከለከለችም። ቀለሙ በሸቀጡ ላይ ሲፈስ ከተለጠፈ ምልክት ይሻላልና የብሪታንያው መንገድ ይመረጣል። በ2005 በሜሪላንድ በጎቸር ኮሌጅ ተጀምሮ በብዙ ግቢዎች የተሠራጨው፥ ተማሪዎች በስፖንጅ ጥይት የሚተኳኰሱበት የማሳደድ ጨዋታም እንዲህ ባሉ ደማቅ መጫወቻዎች የሚካሄድ ነው።

ኮሌጆችም የቴአትር ክፍሉ፥ የሥነ ጥበብ ክፍሉና የተማሪ ማኅበራት መሣሪያ የሚመስል ዕቃ የሚጠቀሙበትን ቀንና ስፍራ አስቀድመው ለጸጥታ ክፍሉ እንዲያስታውቁ፥ ዕቃውም በግቢ ውስጥ ሲዘዋወር ተሸፍኖ ወይም በሣጥን ተዘግቶ እንዲሆን ማዘዝ ይገባቸዋል። ይህን ያላደረገ ተማሪ ይመከር፥ ዕቃውም ይያዝ፤ ነገር ግን በዝንጉነት ብቻ ከትምህርት ማባረር ከጥፋቱ የበለጠ ቅጣት ነው። አምሳያውን ሰው ለማስፈራራት የመዘዘ ግን ሌላ ነው፤ የፈራው ሰው ፍርሃት እውነተኛ ነበርና ያለ ማመንታት ይቀጣ። የደወለ ሰውም በቅን ልቡና ያየውን ከተናገረ አይወቀስ፤ እርሱ ዝም ማለትን የተማረ እንደሆነ የቨርጂኒያው ጧት ተመልሶ ይመጣል።

ይህ ነገር ወደ እኛ የሚቀርብበት አንድ በር አለ። በባሕር ማዶ ያሉ ልጆቻችን በባህል ምሽት ላይ ሽለላና ፉከራ ሲያሳዩ የዕንጨት ጠመንጃ፥ ጋሻ፥ ጦርና ጐራዴ ይዘው መድረክ ላይ ይወጣሉ። ለእኛ ይህ የአባቶች ጀግንነት ማሳያ ነው፤ ከመድረኩ በኋላ በጨለማ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ጠመንጃውን በትከሻው አድርጎ ሲሄድ ለሚያየው አሜሪካዊ ግን ሌላ ነው። ወላጆች ልጆቻቸውን ስለዚህ ነገር ይምከሩ፤ ከመሄዳቸውም አስቀድሞ የኮሌጁን ደንብ ያንብቡላቸው። እንዲህ ያለውን የባህል ዕቃ ለመንገደኛ የሚሸጡ ባለ ሱቆችም፥ ዕቃውን በካርቶን አሽገው፥ በደረሰኙ ላይ «ከዕንጨት የተሠራ፥ የማይተኩስ፥ ለመድረክ የሚያገለግል» ብለው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ቢጽፉለት፥ ገዢው በየአየር ማረፊያውም ሆነ በኮሌጁ በር ሲጠየቅ የሚያሳየው ወረቀት ያገኛል።