ለዳገት የሚበቃ ማርሽ

በዱባይ ምድረ በዳ የሚያልፈው የአል ቁድራ የብስክሌት መንገድ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ከሙቀቱና ከነፋሱ በቀር ብስክሌተኛውን የሚፈትን ነገር እምብዛም የለበትም። በእንዲህ ያለ ሜዳ ላይ የፊት ጥርሱ ትልቅ፣ የኋላ ጥርሶቹ ትናንሽ የሆኑ የውድድር ብስክሌት ያምራል፤ ይከንፋልም። ይኸው ብስክሌት በካርቶን ታሽጎ አዲስ አበባ ሲደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከለገሃር ወደ ፒያሳ በሚወጣው የቸርችል ጎዳና ላይ ባለቤቱ ወርዶ ሊገፋው ይገደዳል።

በባሕረ ሰላጤው አገራት የሚሠሩ ወገኖቻችን ለወንድም፣ ለልጅ ወይም ለራሳቸው ብስክሌት ሲገዙ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት ስለ ዋጋው፣ ስለ ስሙና ስለ ማርሹ ብዛት ነው። በዚህ ጸሐፊ እምነት ከሦስቱም መቅደም ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፦ የዳገቱ ማርሽ ምን ያህል ይቀላል? የመኪና አሽከርካሪዎቻችን ዳገት የሚወጡበትን ማርሽ «ከባድ ማርሽ» ይሉታል። በብስክሌት ላይ ግን ለዳገት የሚፈለገው ለእግር የሚቀለው ስለሆነ፣ ስያሜው ገዢውን እንዳያሳስተው እዚህ «የዳገት ማርሽ» ብንለው ይሻላል።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። የፊቱን ጥርስ ቁጥር ለኋላው ጥርስ ቁጥር ማካፈል ብቻ ነው። ውጤቱ ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር የኋላው ጎማ ስንት ዙር እንደሚዞር ይነግረናል። የተለመደው የመንገድ ብስክሌት ጎማ በአንድ ዙር 2.1 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከፊት 53፣ ከኋላ 11 ጥርስ ሲሆን በአንድ የፔዳል ዙር 10 ሜትር ያህል እንሄዳለን። ከፊት 34፣ ከኋላም 34 ከሆነ 2.1 ሜትር ብቻ ነው። የመጀመሪያው ለቁልቁለትና ለፈጣን ሜዳ፣ ሁለተኛው ለዳገት ነው።

አሁን ይህን ወደ ሰው ጉልበት እንመንዝረው። ከነብስክሌቱ 85 ኪሎ ግራም የሚመዝንና 150 ዋት ያህል ኃይል ያለማቋረጥ ማውጣት የሚችል ሰው እናስብ፤ ስፖርተኛ ሳይሆን ጤነኛ የቢሮ ሠራተኛ ነው። በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር በሚነሳ ዳገት ላይ ይህ ሰው በሰዓት 7.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። የቀድሞው የውድድር ብስክሌት ቀላሉ ማርሽ ከፊት 39፣ ከኋላ 25 ጥርስ ነበር። በዚህ ማርሽ ሰውየው ፔዳሉን በደቂቃ 38 ጊዜ ብቻ ያዞራል፤ እያንዳንዱ ዙር በጉልበቱ መገጣጠሚያ ላይ የሚያርፍ ከባድ ርግጫ ነው። በ34 ለ34 ግን ዙሩ ወደ 60 ከፍ ይላል፣ ለተራራ በሚሠሩት ብስክሌቶች በ32 ለ42 ደግሞ ወደ 80 ይጠጋል። ፍጥነቱ ያው ነው፣ የሚወጣው ኃይልም ያው ነው። ልዩነቱ ሰውየው በማግስቱ እንደገና ብስክሌቱ ላይ መውጣት መቻሉ ላይ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ሌላም ነገር ይጨመራል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ በ2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። በዱባይ 150 ዋት ያወጣ የነበረው ሰው እዚያ ሲደርስ ያንኑ ማውጣት ይከብደዋል። ባሕር ዳርና ሐዋሳ የብስክሌት ከተሞች ሲሆኑ መዲናዋ ሳትሆን የቀረችበትን ምክንያት ስንፈልግ፣ የመንገዱን አደገኛነትና የታክሲውን ብዛት ከመጥቀሳችን በፊት የመሬቱን አቀማመጥ ማየት ይገባል።

ስለ ማርሽ ብዛት ደግሞ አንድ ነገር መባል አለበት። «21 ማርሽ» የሚለው ጽሑፍ ብዙ ገዢ ይማርካል። ከፊት 48፣ 38 እና 28 ጥርስ፣ ከኋላ ከ14 እስከ 28 የሚደርሱ ሰባት ጥርሶች ያሉትን ብስክሌት እንውሰድ። 48ን ለ24 ብናካፍል 2 ይሆናል፤ 28ን ለ14 ብናካፍልም 2 ነው። ሁለት ማርሽ ተብለው የተቆጠሩት በተግባር አንድ ናቸው። ከቀሩትም ብዙዎቹ እንዲሁ የተቀራረቡ ናቸው። ከፊት አንድ ጥርስ ብቻ ያለው ባለ 10 ማርሽ ብስክሌት ከዚህ የሰፋ እርቀት ሊኖረው ይችላል። ሆኖም ለዚያ ርካሽ ባለ 21 ማርሽ ብስክሌት ፍትሕ እናድርግለት፦ ቀላሉ ማርሹ 28 ለ28 ነው። በቸርችል ጎዳና ላይ በአሥር እጥፍ ዋጋ የተገዛውን የቀድሞ የውድድር ብስክሌት ጥሎት ያልፋል።

ታዲያ ሰው ለምን ከባዱን ይመርጣል? ነገሩ ኩራት ይመስለኛል፤ ኩራቱም የቆየ ነው። የቱር ደ ፍራንስ መሥራች ኦንሪ ዴግራንዥ ሰንሰለትን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያሻግረው መሣሪያ የአትሌቱን ብርታት የሚያደበዝዝ አድርጎ ያየው ነበር፤ በውድድሩ የተፈቀደውም በ1937 ነው። ከዚያ በፊት ተወዳዳሪዎቹ ማርሽ ለመለወጥ ከብስክሌት ወርደው የኋላ ጎማውን ፈትተው ያገለብጡ ነበር። በዚያው ዘመን በሴንት ኤቲየን ከተማ የነበረው ፖል ደ ቪቪ፣ በብዕር ስሙ ቬሎሲዮ፣ ለተራ ሰውና ለተራራ አገር ብዙ ማርሽ እንደሚያስፈልግ እየጻፈ ይሟገት ነበር። ዘመኑ የፈረደው ለእርሱ ነው። ዛሬ በአቡ ዳቢ ግዛት ወደ ጀበል ሐፊት የሚወጡትን የዩኤኢ ቱር ተወዳዳሪዎች የሚመለከት ሰው፣ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝመው በዚያ ዳገት ላይ እግራቸው በፍጥነት ሲዞር ያያል። ከኋላ 30 እና 34 ጥርስ መግጠም በዓለም ምርጦች ዘንድ ነውር መሆኑ ቀርቷል። እነርሱ ያላፈሩበትን እኛ የምናፍርበት ምክንያት የለም።

ደግነቱ፣ የማይስማማ ማርሽ ያለውን ብስክሌት መጣል አያስፈልግም። መጀመሪያ የሚታሰበው የኋላ ጥርሶቹን ስብስብ መለወጥ ነው፤ ከጠቅላላው ብስክሌት ጋር ሲነጻጸር ወጪው ትንሽ ነው። ነገር ግን ሰንሰለቱን የሚያሻግረው የኋላ ክንድ ወሰን አለው። አጭር የሆነው በአብዛኛው ከ28 ጥርስ ገደማ በላይ አይሸከምም፤ 34 ለመግጠም ረጅሙ ያስፈልጋል። ሰንሰለቱም መርዘም አለበት፤ ያለበለዚያ ከፊትም ከኋላም ትልቁ ጥርስ ላይ ሲገባ ተወጥሮ ክንዱን ሊሰብረው ይችላል። ከፊት ለመቀነስ የሚፈልግ ደግሞ ጥርሱ የሚታሰርባቸው ብሎኖች የሚሠሩትን ክብ ይለካ። ክቡ 130 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከ38 ጥርስ በታች አይገባበትም፤ 110 ከሆነ 34 ይቀበላል። ይህን ሳያውቁ ዕቃውን አስቀድሞ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

አሸዋና አቧራ ለሁለቱም አገር የጋራ ጠላት ነው። ሰንሰለቱን በዘይት ማጥለቅለቅ አቧራውን ወደ ሞረድ ይለውጠዋል፤ ጥቂት ጠብታ አድርጎ ትርፉን በጨርቅ መጥረግ ይበቃል። የሰንሰለቱ 24 ክፍሎች አዲስ ሲሆኑ 304.8 ሚሊ ሜትር ይለካሉ። ይህ በ1.5 ሚሊ ሜትር ሲጨምር ሰንሰለቱን መለወጥ ነው። የዘገየ ሰው ጥርሶቹንም አብሮ ይገዛል።

አዲስ አበባ በኮሪደር ልማት ሥራዋ የብስክሌት መስመሮችን እየዘረጋች ነው። መስመሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከሜዳ አገር የመጣ ማርሽ ይዞ የሚወጣበት ሰው ሁለት ሳምንት ሞክሮ ወደ ታክሲው ይመለሳል፤ ባዶ የቀረውን መስመር ያየ ሁሉም «ሕዝቡ ብስክሌት አይወድም» ይላል። ስለዚህ አስመጪዎችም ሆኑ ሻጮች ከዋጋው አጠገብ የማርሹን ብዛት ብቻ ሳይሆን ትንሹን የፊት ጥርስና ትልቁን የኋላ ጥርስ ቁጥር ሊጽፉ ይገባል። ይህ እስኪሆን ድረስ፣ ከባሕረ ሰላጤው ብስክሌት የሚልክ ሰው ካርቶኑ ከመታሸጉ በፊት ጥርሶቹን በጣቱ ይቁጠር። የኋላው ትልቁ ቢያንስ ከፊቱ ትንሹ ጋር እኩል ካልሆነ፣ ጥርሱን እዚያው አስለውጦ ይላክ፤ ለአገሩ ዳገት የሚስማማውን ዕቃ አዲስ አበባ ላይ መፈለግ ከዱባይ ይልቅ ያደክማል።