እሳቷን አጥፍቶ «መርከቧን ጠበቅናት» ማለት

የእንፋሎት መርከብ ሥራዋን ስትጨርስ የሚደረግላት ነገር ከአገር አገር ብዙም አይለያይም። ወደብ ዳር ትታሰራለች፤ ጭስ ማውጫዋ ይቀባል፣ ነሐሷ ይወለወላል፣ ባዶ ክፍሎቿ ምግብ ቤት ይሆናሉ። ከዚያ «ቅርሱ ተጠበቀ» ተብሎ ሪባን ይቆረጣል። የተጠበቀው ግን ብረቱ ብቻ ነው።

መርከቧን የእንፋሎት መርከብ ያሰኛት ከወለሉ በታች የሚሠራው ሥራ ነው። ቦይለር ክብሪት ተጭሮ ወዲያው የሚነሣ ነገር አይደለም፤ ብረቱ አንዱ ጎን ቀድሞ ተለጥጦ መጋጠሚያው እንዳያፈስ ለሰዓታት ቀስ እያለ ይሞቃል። ከሰል አንዳጁ እሳቱን በፍርግርጉ ላይ እኩል አድርጎ ይበትናል፣ የተጋገረውን አመድ በረጅም ብረት ይፈነቅላል። ዓይኑን ግን ከውሃ ልክ ማሳያው መስታወት አይነቅልም፤ ውሃው ከምድጃው ጣሪያ በታች ከወረደ ብረቱ ግሎ ይደረመሳልና። ይህ ሁሉ በመጽሐፍ ተጽፏል። ነገር ግን መጽሐፉን ያነበበ ሰው እሳቱን ማንደድ አይችልም፤ ሙያው የሚተላለፈው ከባለሙያ አጠገብ አካፋ ይዞ በመቆም ነው። እሳቱ አንድ ትውልድ ያህል ከጠፋ አስተማሪው አብሮ ይጠፋል።

በኒውዚላንድ ዋካቲፑ ሐይቅ ላይ የምትሠራው «ኧርንስሎ» ይህን ሙያ አላጣችም። ደኒደን ተሠርታ፣ ተፈታትታ በባቡር ከተጓዘች በኋላ ሐይቁ ዳር እንደገና የተገጣጠመች ናት፤ ሥራ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። መቶ ዓመት ካለፋት በኋላም በሰዓት አንድ ቶን ገደማ ከሰል በሰው እጅ፣ በአካፋ ስትጎርስ መንገደኛው ከላይ ቆሞ ያያል።

«አሮጌን መርከብ ማሠራት ጥንታዊ አካሏን ያጠፋል» የሚሉ አሉ። ለአንዳንዷ እውነት ነው። ብሪስቶል ያለችው፣ የመሐንዲሱ የብሩኔል «ግሬት ብሪቴን» ብረቷን ጨው በልቶታል፤ የምትኖረው አየሩ በደረቀ የመርከብ መጠገኛ ውስጥ ነው፣ የሚታየው ሞተሯም ቅጂ ነው። እሷን ወደ ባሕር መልሱ የሚል ጤነኛ የለም። ነገር ግን የእሷ ሕመም ለጤነኞቹ ሁሉ ምክንያት ሆኖ መቅረብ የለበትም። የስኮትላንዷ «ዌቨርሊ» እ.ኤ.አ. በ1974 በአንድ ፓውንድ ለወዳጆቿ ማኅበር ተሸጠች፤ ከሰሉን ቀድሞውኑ በ1957 በነዳጅ ዘይት ቀይራለች፣ ቦይለሮቿም ከዚያ ወዲህ ተተክተዋል። ታዲያ አስመሳይ ናት? በሥራ ዘመናቸውስ መርከቦች መቼ ሳይቀየሩ ኖሩ? የተበላ ሳንቃ ብረት መቁረጥ፣ ያረጀ ቦይለር ማውጣት የመርከብ ቤት የዘወትር ሥራ ነበር። መርከቧን በመጨረሻው ቀን እንደነበረች ማድረቅ ነው እንግዳው ነገር።

ጭሱና አመዱስ? ይህኛውን ክስ በቀላሉ አላልፈውም። በአሜሪካ ሚሺጋን ሐይቅ ላይ የምትመላለሰው «ባጀር» እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ በከሰል ትሠራለች፤ በየወቅቱ ከ500 ቶን በላይ አመድ ከውሃ ጋር እያደባለቀች ወደ ሐይቁ ትደፋ ነበር። ታሪካዊ ናትና አመድ መድፋትን ከሚከለክለው ደንብ ትውጣ ብለው የተነሡ የምክር ቤት አባላትም አልጠፉም። ቅርስነትን ለቆሻሻ መሸፈኛ ማድረግ ማለት ይሄ ነው። በፍርድ ቤት ስምምነት ግን አመዱን እ.ኤ.አ. ከ2015 ወቅት ጀምሮ መርከቧ ላይ እንድታስቀር ተገደደች፤ ማስቀሪያው ተገጠመላት፣ መመላለሷንም አላቋረጠችም። ወደብ ዳር ታስራ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ የሚጠይቃት አይኖርም ነበር። እናም ለባጀር የበጀላት ከሕግ ሊያስጥላት የፈለገው ወዳጇ ሳይሆን አመድሽን ሰብስቢ ያላት ደንብ ነው።