«ሁላችሁም ትመሳሰላላችሁ» ለሚሉን መልሳችን

«ሁላችሁም ትመሳሰላላችሁ» የሚለውን ቃል በመማሪያ ክፍልም ሆነ በሆስፒታል ያልሰማ አባል በመካከላችን ይኖራል ብለን አንገምትም። የአንዳችን መልካም ሥራ በሌላው ስም ተመዝግቧል፤ የአንዱም ጥፋት ለሌላው ተቆጥሯል። በዚህ ጉዳይ ላይ በስብሰባዎቻችን ሁለት አስተያየቶች ሲንጸባረቁ ቆይተዋል። አንደኛው፣ ነገሩ ሁሉ ንቀት ነው ይላል። ሁለተኛው፣ ተራ ስሕተት ነውና ዝም እንበል ይላል። በእኛ እምነት ሁለቱም ጎደሎ ናቸው።

አንጎል ዓይን ያቀበለውን እንደ ፎቶግራፍ ብቻ አይቀበልም። ቀደም ሲል ካያቸው ፊቶች ተነሥቶ የሚመጣውን ይገምታል፤ ከዓይን የሚደርሰውንም ከግምቱ ጋር ያስተያያል። ጭምብልን በጎድጓዳው በኩል ስናይ አፍንጫው ወደ እኛ የወጣ የሚመስለን፣ አንጎላችን ወደ ውስጥ የገባ ፊት ስለማያውቅ ነው።

ይህ ግምት ግን ከልምድ የሚገኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው የባር ሐይምና የባልደረቦቹ ጥናት የሦስት ወር ሕፃናትን መርምሯል። በኢትዮጵያ የሚያድጉት የጥቁር ሰው ፊት፣ የእስራኤል ነጮች ልጆች ደግሞ የነጭ ፊት አብዝተው አዩ። በእስራኤል ሁለቱንም እያዩ የሚያድጉት የኢትዮጵያውያን ልጆች ግን ለአንዱም አላደሉም።

እንግዲህ እንግዳ ሰው ቢያምታታን ሁልጊዜ ንቀት አይደለም፤ እኛም በመጣንበት ሰሞን የአስተማሪዎቻችንን ፊት አምታተናል። ይሁን እንጂ ለዓመታት አብሮን ውሎ ለመለየት ያልጣረ ሰው «አንጎሌ ነው» ብሎ ሊያመካኝ አይችልም። ዝምታም ዋጋ ያስከፍላል። በአሜሪካ ሮናልድ ኮተን የተባለ ጥቁር ወጣት፣ ተበዳይዋ ነጭ ሴት «እርሱ ነው» ብላ በቅንነት ስላመለከተችው በ1985 ተፈርዶበት፣ በ1995 በዲኤንኤ ምርመራ ነፃ እስኪወጣ ድረስ ከአሥር ዓመት በላይ ታስሯል።

ስለሆነም፣ አንደኛ፣ በሌላ ስም ስንጠራ እዚያው በትሕትና እናርም። ሁለተኛ፣ ውጤትም ሆነ ጥፋት በመልክ ሳይሆን በመታወቂያ ቁጥር እንዲመዘገብ ማኅበራችን ይጠይቅ። ሦስተኛ፣ በምግብ አዳራሽ ለብቻችን ተሰብስቦ መቀመጡን እንቀንስ፤ አብሮን ያልበላ ሰው ፊታችንን ከየት ይማራል? እኛስ የነርሱን? የሕክምና ተማሪዎች የሆንን ደግሞ መድኃኒት ከመስጠታችን በፊት የበሽተኛውን ስም መጠየቅ እንልመድ። ከሌላው የምንሻውን ጥንቃቄ ከራሳችን መጀመር ይገባናል።