ጳጉሜን የሌለበት ቅጽ

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ሄጄ ሰነድ ኮፒ ለማስደረግ ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት ጎራ ብዬ ነበር። ከአንኮበር የመጡ አንድ መምህር ቀድመውኝ በኢንተርኔት የሚላክ ቅጽ ያስሞላሉ። ወጣቱ ጸሐፊ የትውልድ ቀናቸውን ሲጠይቃቸው «ጳጉሜን 3 ቀን 1960» አሉት። ሲጫኑት ወደ ታች የሚዘረጋው የወር ዝርዝር ግን ከ1 እስከ 12 ብቻ ነው። «ጋሼ፣ 13 የለውም እኮ፤ 12 ልበለው?» አላቸው። መምህሩም «እንግዲህ ካለው ምረጥልኛ» አሉ። 1960 በዝርዝሩ ውስጥ ስለነበረ ስለ ዓመቱ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ትልቁ ስህተት ግን እሱ ነበር። የወሩ መጥፋት ቢያንስ ይታያል፤ የዓመቱ ግን ሳይታይ ያልፋል። ቅጹ የሚያውቀው የአውሮፓውያኑን አቆጣጠር ብቻ ሲሆን፣ ይህንን የሚገልጽ አንድም ቃል አልተጻፈበትም። ትክክለኛው ቀን ሴፕቴምበር 8 ቀን 1968 ነው። ጣልቃ ገብቼ ባናርመው ኖሮ መምህሩ በወረቀት ላይ ወደ ስምንት ዓመት ገደማ ያረጁ ነበር። የመንግሥት ሠራተኛ በ60 ዓመቱ ጡረታ በሚወጣበት አገር፣ ይህ የደመወዝና የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ነገሩ የቴክኒክ ሰዎች ጉዳይ ብቻ የሚመስላቸው አሉ። ሕግ የተማረ ሰው ግን እንዲህ ሊያየው አይችልም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኤሌክትሮኒክ መንገድ ለሚላክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። በመሆኑም በማውስ የተመረጠች አንዲት ቁጥር ነገ ማስረጃ ሆና ትቀርባለች። ከቅጹ ግርጌ ደግሞ «ከላይ የሰፈረው እውነት ነው፤ በውሉም እስማማለሁ» የምትል ትንሽ ሳጥን አለች፤ ያውም በእንግሊዝኛ። ምልክቱን ያደረገው ጸሐፊው ነው፤ ተጠያቂው ግን ባለጉዳዩ ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከዚህ ይልቅ ጠንቃቃ ነበር። በአንቀጽ 1728 መሠረት ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ያሳረፈው የጣት አሻራ፣ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ በቀር አያስገድደውም። ወረቀት ላይ ያደረግነውን ጥንቃቄ ኮምፒዩተር ላይ ስንደርስ ለምን ጣልነው? በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 በአማርኛ አንድ፣ በጣልያንኛ ሌላ ሆኖ መዘዝ ያመጣበት አገር፣ ባልገባው ቋንቋ «እስማማለሁ» ማለት ምን እንደሆነ ማወቅ ነበረበት።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። የድረ ገጽ መሥሪያ የሆነው ኤችቲኤምኤል አዘጋጅቶ የሚያቀርበው የቀን መምረጫ ቀኑን የሚመዘግበው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው። ባለሙያው ያንን እንዳለ ወስዶ ሲለጥፈው ጳጉሜን ይጠፋል። ይሁን እንጂ የኢትዮጵያን አቆጣጠር የሚያሰሉ በነፃ የሚገኙ የፕሮግራም መሣሪያዎች ካሉ ቆይተዋል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው የፋይዳ መታወቂያም የትውልድ ቀንን በሁለቱም አቆጣጠር ያሳያል። ስለዚህ «አይቻልም» የሚል ምክንያት አይሠራም።

በእኔ እምነት ማንኛውም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሶፍትዌር ከመረከቡ በፊት አራት ነገሮችን ሊጠይቅ ይገባል። ቀን በሚሞላበት ቦታ አቆጣጠሩ በግልጽ ይጻፍ፤ 13ኛው ወር ይኑር፤ ቅጹ ከመላኩ በፊት ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር መልሶ ያሳይ፤ የስምምነቱ ቃልም ባለጉዳዩ በሚያውቀው ቋንቋ ይሁን። የሚረከበው ኮሚቴም የራሱን ባለሙያዎች ትቶ እንደኚያ መምህር ያለ ሰው ፊቱ ተቀምጦ እንዲሞላው ቢያደርግ፣ ጉድለቱን በአሥር ደቂቃ ውስጥ ያየዋል።

መምህሩ ሲሰናበቱኝ «እናቴ በጳጉሜን ወለድኩህ ብላ ነው የነገረችኝ» አሉኝ። ለእናታቸው ቃል ቦታ ያጣው ቅጹ ነው፤ መታረም ያለበትም እሱ ነው።