የትምህርት ቤቱ ባነር የማይናገረው

የ12ኛ ክፍል ውጤት በተለቀቀ ሰሞን በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ባነር ይሰቀላል። ከፍተኛ ነጥብ ያመጡ ልጆች ፎቶ ይደረደርበታል፣ ከግርጌው ደግሞ ትምህርት ቤቱ ስንት ተማሪ እንዳሳለፈ በደማቅ ቀለም ይጻፋል። እንደ ደብረ ብርሃንና ደብረ ማርቆስ ባሉ፣ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቹን ነዋሪው ሁሉ በስም በሚያውቃቸው ከተሞች ወላጅ ትምህርት ቤት የሚያማርጠው በዚህ ቁጥር ነው። ርዕሰ መምህሩም የሚመሰገነውና የሚወቀሰው በዚሁ ነው። በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደር ተቋም መወዳደሩ ተገቢ ነው፤ ያለፉትን ብቻ ቆጥሮ ማወዳደር ግን ትምህርት ቤቱ የተቀበላቸውን ልጆች ይመዝናል እንጂ ያስተማረውን አይመዝንም። ሊወዳደር የሚገባው ልጆቹ በ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ይዘውት በገቡት ውጤትና በ12ኛ ክፍል ይዘውት በወጡት መካከል ያለው ልዩነት ነው።

የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የሚያልፉት ቁጥር ምን ያህል እንዳነሰ ሁላችንም እናውቃለን። በ2014 ዓ.ም. ከተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። በ2015 ካስፈተኑት 3,106 ትምህርት ቤቶች 1,328ቱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ይህን ወደ አንድ አነስተኛ ከተማ እናውርደው። 300 ተማሪ ያስፈተነ ትምህርት ቤት የአገሪቱን አማካይ ቢያገኝ በዚያ ዓመት የሚያሳልፈው ዘጠኝ ወይም አሥር ልጅ ነው። በቀጣዩ ዓመት ሦስት ጎበዝ ልጆች ተጨማሪ ቢገጥሙት «በሲሶ አሻሽሏል» ይባላል፣ ቢጎድሉበት ደግሞ «ወድቋል»። ሦስት ልጅ ግን ከአንድ ሰፈር፣ አንዳንዴም ከአንድ የጥናት ቡድን ሊመጣ ይችላል። በዚህ ላይ የ50 በመቶው መስመር ራሱ ብዙ ይደብቅብናል፦ ከ20 በመቶ ደረጃ ተነስቶ 45 የደረሰ ልጅ በባነሩ ሒሳብ ዜሮ ነው፣ 48 ላይ ሆኖ ገብቶ 51 ያመጣው ግን ይቆጠራል።

ትልቁ መዛባት የሚመጣው ከአቀባበሉ ነው። አዳሪና ልዩ ትምህርት ቤቶች በመግቢያ ፈተና መርጠው ይወስዳሉ፤ የቀረው ወደ ተራው ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ከዙሪያ ገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማረውም እንዲሁ። ሁለት ትምህርት ቤቶች አሉ እንበል። አንደኛው በ8ኛ ክፍል በአማካይ 85 ያመጡትን ተቀብሎ በ12ኛ 52 ላይ ያደርሳቸዋል፣ ሁለተኛው 55 ያመጡትን ተቀብሎ 40 ላይ ያደርሳቸዋል። ባነር የሚሰቅለው የመጀመሪያው ነው፤ ምናልባት ያስተማረው ግን ሁለተኛው ሊሆን ይችላል። አሮጌ ስምም የራሱን ጉልበት ይጨምራል። በደሴ ወይዘሮ ስሂን ዛሬ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ነው፣ የቀድሞው ትምህርት ቤት ዝና ግን አሁንም በሰው አፍ አለ። ዝና ጎበዝ ልጅ ይስባል፣ ጎበዙ ልጅ ውጤት ያመጣል፣ ውጤቱ ዝናውን ያድሳል፤ መምህሩ በዚህ ዙር ውስጥ ምን እንዳደረገ ማንም አይጠይቅም።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሳል። የመጀመሪያው የ8ኛ ክፍል ውጤት በኩረጃ የተበላሸ ነው፣ መነሻ ሊሆን አይችልም የሚል ነው። ከባድ ተቃውሞ ነው፣ ሙሉ መልስም የለኝም። የአንድ ዓመት ውጤት ብቻውን ሊያሳስት ይችላል፤ የሦስት ተከታታይ ዓመታት አማካይ ሲወሰድና ትምህርት ቤቱ ራሱ በ9ኛ ክፍል መግቢያ የሚሰጠው አጭር የመለያ ፈተና ሲታከልበት ግን ስህተቱ ይቀንሳል። ደግሞም በ8ኛ ክፍል 90 ያመጡ ልጆች በ12ኛ በጅምላ ቢወድቁ የኩረጃውን ምንጭ ሁለቱን ውጤቶች የሚያነጻጽረው ሠንጠረዥ ራሱ ያመለክተናል። ሁለተኛው ተቃውሞ ይህ ለደካማ ትምህርት ቤት ማምለጫ ይሆናል ይላል። እኔ የሚታየኝ በተቃራኒው ነው፤ ጎበዞችን ሰብስቦ ምንም ያልጨመረላቸው ዝነኛ ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ መሸሸጊያ ያደረገው ባነሩን ነው። ወላጅ ቀላል ቁጥር ይፈልጋል መባሉም እውነት ነው፤ «ይህን ይዘው ገቡ፣ ይህን ይዘው ወጡ» ግን ከፐርሰንቱ የሚከብድ አይደለም።

መረጃውም ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የራቀ አይደለም። የ8ኛ ክፍል ውጤት ልጁ ለ9ኛ ሲመዘገብ በማኅደሩ ይገባል፤ የ12ኛውም ለጽሕፈት ቤቱ ይላካል። ሦስተኛ ቁጥር ግን መታከል አለበት፦ በ9ኛ ክፍል ከተመዘገቡት ስንቱ ለ12ኛ ደረሱ? ደካማ ተማሪዎቹን በ10ኛና በ11ኛ ያንጠባጠበ ትምህርት ቤት ፐርሰንቱ ያምርለታል፤ ያቋረጡት ልጆች ከአካፋዩ ወጥተዋልና። ይህ ዓምድ በሌለበት ሠንጠረዥ ላይ እንኳን ባነሩ፣ እኔ ያቀረብኩት ልዩነትም ሊያታልል ይችላል።